ማጭዱን ሳላስቀምጥ

የሻለም፣ ያች አንዲት ልጄ፣ ቀብሯ ላይ ያልደረስኩት በጓሮ ሥራ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ ምክንያት ይነገርልኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። እውነቱ ግን ይሄ ነው። ልጄ አቀስታ ላይ ተገንዛ እኔን ስትጠብቅ፣ እኔ እዚህ መካነ ሰላም ፍግ አስበትን ነበር። ያውም እየሳቅሁ።

እንዴት እንደሆነ ላውራችሁ። ወሬ እንደሆነ አይታክተኝም።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ሰኔ አራት። ሌሊቱን በአባይ በኩል ሲያጉረመርም ነው ያደረው። ጧት ስነሳ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጥቷል። ዛሬ ካልሆነ ነገ ይጥላል አልኩ። ጓሮዬ ደግሞ ገና አልተሰናዳችም።

ጓሮዬ ሰፊ አይደለችም፤ ሦስት አልጋ ቢዘረጋባት ትሞላለች። ግን ክረምቱን ሙሉ የምበላው ከሷ ነው። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሁለት እግር ጌሾ። ክረምት ሳይገባ ካላሰናዷት ጉድ ትሠራለች። ከላይ ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ በቁልቋሉ ሥር ሾልኮ መደቡን ጠራርጎት ይሄዳል። አምና ድንቼን ከነአፈሩ ወስዶ ከታች ያለችው ጎረቤቴ ወርቂቱ ደጅ አፈሰሰላት። እሷ ሆዬ "እግዜር የሰጠኝ ነው" ብላ ቀቅላ በላችው! ከዚያን ቀን ጀምሮ አንነጋገርም ነበር።

እና ቦዩን መጥረግ አለ። የበጋውን የደረቀ የጎመን አገዳ ማጨድ አለ። ፍግ መበተን፣ አጥር መጠገን፣ የክረምት ማገዶ የሚሆነውን ኩበት ዝናብ ሳይነካው ከጣራ ሥር መከመር። ይሄ ሁሉ በማን ጉልበት? በኔ በአሮጊቷ።

በማለዳ መጀመሪያ ውሃ ልቀዳ ቦኖ ወረድኩ። እዚያ ነው የሰማሁት። ትናንት አርብ ወደ ማታ ከደሴ ወደ አቀስታ የሚመጣ ሚኒባስ ተገለበጠ አሉ። አምስት ሰው ሞተ አሉ። አቀስታ ሲሉ ልቤ ድንግጥ ብሎ ነበር። የሻለም ያገባችው እዚያ ነው፣ ትንሽዬ ሱቅም አላት። ግን የሱቋን ዕቃ ከደሴ የምታመጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው። አርብ ሄዳ አታውቅም። ሐሙስ ማታ ደውላልኝ ስለ ልጇ ጉንፋን ስታወራኝ አመሸች እንጂ እሄዳለሁ አላለችም። ስለዚህ ልቤን መለስኩና ወሬውን ከውሃው ጋር ተሸክሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለሁለት ሰው ነገርኩ። ለሁለተኛዋ ስነግራት ሰባት ሞተ ብያለሁ። አምስት ያንሳል መሰለኝ።

ቤቴ ደርሼ ማጭዴን አንስቼ አገዳውን ማጨድ ስጀምር ሰብሪያ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። ሰብሪያ የሚኒባስ ሹፌሩ የከማሉዲን ሚስት ናት፤ ልጄ ብትሆን የምትደርስ፣ ግን የወሬ ጓደኛዬ። እኔ ከቦኖ አመጣለሁ፣ እሷ ከባሏ መኪና ታመጣለች፣ ማታ ማታ አጥሩ ሥር እንካፈላለን።

"አሰላሙ አለይኩም እትዬ።"

"ወአለይኩም ሰላም። ምነው ዓይንሽ ቀላ? ከማሉዲን መታሽ እንዴ?"

"ኧረ ሽንኩርት ስከትፍ ነው።"

"በዚህ በጧቱ? ሠርግ አለብሽ?"

"ለምሳ ነው" ብላ ዞር አለችና በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። "እትዬ፣ ዛሬ ላግዝዎት ብዬ ነው።"

"ምኑን?"

"ጓሮውን። ዝናቡ እየመጣ ነው።"

እኔ ልጅ አይደለሁም። ሰብሪያ የራሷን ጓሮ ዓመቱን ሙሉ ዶሮ ሲጭረው እያየች የምትቀመጥ ሴት ናት። ተውኳትና ወሬዬን አወጣሁ።

"ያንን የተገለበጠውን መኪና ሰማሽ?"

"አልሰማሁም።"

ሰብሪያ! ባሏ ሹፌር ሆኖ፣ መኪና ሲገለበጥ ያልሰማች!

"ሰባት ሰው ነው አሉ ያለቀው" አልኳት። "ሬሳውን ለመለየት እንኳ ተቸግረው ነበር አሉ።" የኋለኛውን ያልኩት ከራሴ ነው።

ሰብሪያ ጎንበስ ብላ አረም መንቀል ጀመረች። ስመለከት የምትነቅለው አረም አይደለም፣ ነጭ ሽንኩርቴን ነው።

"ኧረ አንቺ! ምን ነካሽ?"

"አውፍ በሉኝ እትዬ፣ ተሳስቼ ነው" አለችና በጣቷ ጉድጓድ እየጫረች መልሳ ትተክለው ጀመር።

ይሄን ሳንጨርስ በሩ ተንጓጓ። ወርቂቱ ናት። የራሷን ዶማ ይዛ!

"ይታይሽ፣ ይቅር በይኝ" አለችኝ ገና ከበሩ፣ በስሜ ጠርታ።

"ስለ ድንቹ ነው?"

"ስለ ድንቹም። ስለ ሁሉም።"

"ይቅርታ እንዲህ በደረቁ ነው? በይ ቦዩን ጥረጊልኝ።"

ጠረገች! አንዲት ቃል ሳትመልስልኝ! ወርቂቱን የማያውቅ ሰው ይሄን ላይገርመው ይችላል። ለቄስ እንኳ የምትመልስ ሴት ናት። ዶማዋን አንስታ መሬቱን ስትመታው ውስጤ "አሃ" አለ።

ከዚያ አያ ፈንታው መጣ። አያ ፈንታው አብሮ አደጌ ነው፣ የቅሬያችን ዳኛ። ቅሬያችን እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ቀባሪ የሚጠራ፣ ሐዘንተኛ የሚያበላ ነው። የታጠበ ጋቢውን ለብሷል። ከኋላው ከማሉዲን አለ። ከማሉዲን ሚኒባሱን የኛ መንገድ አፍ ላይ አቁሞታል። ባዶውን። ተሳፋሪ በሚሻማበት ጧት፣ ባዶውን!

ያን ጊዜ ገባኝ። መርዶ ነው።

እኔ መርዶ ሲመጣ አላጣውም። በዚህ ሰፈር ስንቱን መርዶ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ሰው ሩቅ አገር ሲሞትበት ባለቤቱ በድንገት አይነገረውም። ጎረቤት እንደ ዘበት አንድ አንድ እያለ ይሰበሰባል፣ በሥራ ያግዛል፣ እህል ያስቀምሳል። ከዚያ ያስቀምጡታል። ግራ ቀኙን ጠንካራ ሰው ይይዝለታል፣ ከዚያ ሽማግሌው ይናገራል። አንድ ሕግ ደግሞ አለን፤ ብረት የያዘ ሰው መርዶ አይነገረውም። ይሄን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ድሮ አንዲት ጎረቤታችን ማገዶ ስትፈልጥ የባሏን ሞት ነግረዋት መጥረቢያውን እግሯ ላይ ለቀቀችው፣ እስክትሞት አነከሰች። ከዚያ ወዲህ "መጀመሪያ ብረቱን አስቀምጡት" አልኩ፣ ቅሬውም ተቀበለኝ።

እጄን አየሁ። ማጭድ ይዣለሁ።

የማን መርዶ እንደሆነም ወዲያው አወቅሁ። አወቅሁ ብዬ ነው። ዋርሳዬ ክንፈ፣ የሟቹ ባሌ የውበቱ ታላቅ ወንድም፣ አጅባር ነው የሚኖረው። ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ አልጋ ላይ ነው፣ ዛሬ ነገ ሲባል ነው የከረመው። ክንፈን እኔ አልወደውም። ውበቱ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ደረቴን ስመታ ከርሜ "የሷ አለቃቀስ የጎረቤት እንጂ የሚስት አይደለም" ብሎ አገር ለአገር አወራብኝ። ድምፄ ተዘግቶ እኮ ነው! አሁን ለዚህ ሰው አጅባር ድረስ ሄጄ ልንፈራፈር? ስመለስ ጓሮዬን ጎርፍ ወስዶ ልጠብቅ?

አይሆንም አልኩ። መጀመሪያ ጓሮዬ ይለቅ። ክንፈ እንደሆነ ከሞተ ወዲያ የት ይሄዳል? ይጠብቀኝ። ማጭዱን እስካላስቀመጥኩ ማንም ምንም አይነግረኝም፣ አራት ሰው ደግሞ እግዜር በነፃ ልኮልኛል። አያችሁ ተንኮል? እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

"ይታይሽ" አለ አያ ፈንታው፣ "ነይማ፣ ትንሽ ቁጭ በይ። የምንጨዋወታት አለች።"

"ጨዋታ ክረምት ሲገባ ነው። ይልቅ ጋቢህን አውልቅና ያንን ኩበት ከጣራ ሥር ከምርልኝ።"

"እከምርልሻለሁ። ግን መጀመሪያ..."

"መጀመሪያ ኩበቱ።"

ማጭዱን አየው። "ለሰብሪያ ስጫት፣ ደክሞሻል።"

"ማጭድ ስለቅ ነው እኔን የሚደክመኝ።"

ጋቢውን አወለቀ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ የቅሬ ዳኛ፣ የኔን ኩበት ሁለት ሁለት እያቀፈ ከጣራ ሥር ተመላለሰ። "በትክክል ደርድረው፣ ነፋስ ይግባበት!" እላለሁ ከወዲህ ሆኜ። "እሺ ይታይሽ" ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን ኩበቱን በራሴ ላይ ይደፋው ነበር። ያን ቀን ማንም እምቢ አላለኝም። ይሄ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ለክንፈ ሞት ይሄን ያህል እሺታ የት አለ?

ከማሉዲንን ወደ ፍጉ ላክሁት። ንጹህ ሱሪውን አጥፎ በአካፋ እየዛቀ በመደቡ ላይ በተነ። ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነው።

"ከማሉዲን፣ ስንት ሰዓት ሆነ?"

"ሦስት ተኩል እትዬ። እትዬ፣ እባክዎ..."

"እባክዎ ምን? ውሃ ጠማህ?"

"መንገድ አለብን።"

"መንገድ ያለበት ይሂዳ! ማን ያዘው?"

ከማሉዲን አፉን ከፈተ። አያ ፈንታው ከኩበቱ ሥር ራሱን ነቀነቀበት፣ በአገጩም ወደ እጄ ጠቆመው። አየሁ። በሆዴ እንዴት እንደሳቅሁ! "የራሴን ሕግ ለኔው" አልኩ።

ዘዴ ፈጠሩ ደግሞ። ሰብሪያ ሄዳ ምሳ ይዛ መጣች፣ ገና በአራት ሰዓት።

"እትዬ፣ እጅዎን ላስታጥብዎትና ይቅመሱ።"

ተንኮሏን አወቅሁባት። እጅ ለመታጠብ ማጭድ መቀመጥ አለበት። ምን አደረግሁ? ማጭዱን ወደ ግራዬ አዞርኩና ቀኜን ብቻ ዘረጋሁላት። አፈሰሰችልኝ። ቆሜ፣ በግራዬ ማጭድ፣ በቀኜ እንጀራ፣ እየጠቀለልኩ በላሁ። ሰብሪያ እያየችኝ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ዛሬስ ሽንኩርቱ አለቀቀሽም" አልኳት።

"አዎ እትዬ፣ አለቀቀኝም።"

"ይበሉ" አለችኝ ደግሞ። "አፈር ስሆን፣ አንድ ጉርሻ ይጨምሩ።" በእጇ አጎረሰችኝ። ሦስቴ። እኔም እየቀለድኩ ዋጥሁ።

ከዚያ አጥሩ ቀረ። "አጥሩ ሳይጠገን የወርቂቱ ዶሮ ክረምቱን በኔ ጎመን ልትከርም ነው" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ወርቂቱ እንድትሰማ። ወርቂቱ ዶማዋን ጥላ ሄደችና ከራሷ አጥር እሾህ ነቅላ መጣች። ከራሷ አጥር! እጇ ደምቶ።

"ይሄ ይበቃሻል ይታይሽ?"

"ትንሽ ይቀረዋል።"

እንዲህ እያልኩ ነው ሰዓቱን የበላሁት። ቦዩ ተጠርጓል። አገዳው ታጭዶ ጥግ ተከምሯል። ፍጉ ተበትኗል፣ ጌሾው ተኮትኩቷል። ጓሮዬ እንደዚያን ቀን አምራ አታውቅም። መሀሏ ቆሜ ዞር ዞር ብዬ አየኋት። የሻለም ለፍልሰታ ስትመጣ አይታ ትደነቅብኛለች አልኩ። ይሄን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። "የሻለም ስትመጣ እኔ ብቻዬን ሠራሁት ነው የምላት፣ እንዳታጋልጡኝ" አልኳቸው።

ሰብሪያ ወደ አጥሩ ዞራ ቆመች።

ያኔ የአያ ፈንታው ስልክ ጮኸ። ወደ ጥግ ሄዶ አነሳው፣ ግን ጆሮው ስለማይሰማ ይጮሃል።

"አዎ... አዎ፣ እዚሁ ነን... ገና ነን ጌታዬ... ኧረ ጠብቁን! እናንተ ደግሞ፣ አንዲት ሰዓት... ቄሶቹን ለምኑልን..."

የክንፈ ዘመዶች መሰሉኝ። እኔ ሳልደርስ ለቅሶው አልደምቅ ብሏቸው። "ይጠብቁኝ እንጂ!" አልኩ ከወዲያ። "ሬሳ ምን ያስቸኩለዋል?"

እንዲህ ነው ያልኩት። በዚህ አፌ።

ወርቂቱ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ከማሉዲን አካፋውን ጣለ። መጥቶ ፊቴ ቆመ። ይሄ ሰው እኔን ሲያናግር ዓይኔን እንኳ ቀና ብሎ አያይም፣ በአክብሮት። ያን ቀን የእጄን አንጓ ጨብጦ ያዘኝ።

"እትዬ፣ አውፍ በሉኝ" አለና ማጭዱን ከጣቶቼ ፈልቅቆ በአጥሩ ላይ ወረወረው።

ሳቅሁ። "እሺ፣ ተሸነፍኩ" አልኩ። "ሕጉን ማን አወጣው መሰላችሁ? ከጧት ጀምሮ አውቄያለሁ። ክንፈ ነው አይደል? ነፍሱን ይማረው። ንገሩኝ በሉ፣ አለቅሳለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ሰብሪያ በቀኝ መጣች፣ ወርቂቱ በግራ። ክንዶቼን ያዙኝ። አያዝ አውቃለሁ፤ ለክንፈ እንዲህ አይያዝም።

"ክንፈ አይደለም፣ ይታይሽ" አለ ፈንታው።

ክንፈ አይደለም። ከክንፈ ሌላ በዚህ ምድር ያለኝ ሁለት ነው። የሻለምና የአራት ዓመት ልጇ ፍቅርአዲስ። ሌላ የለኝም። ከሁለቱ አንዷ ናት ማለት ነው።

"የትኛዋ?" አልኩ።

ዞሬ ሰብሪያን አየኋት።

"ትልቋ ናት ትንሿ?"

ይሄን ስጠይቅ በሆዴ ትንሿን አትበሉኝ አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ ትንሿን አትበሉኝ ማለት ትልቋን በሉኝ ማለት ነው ብዬ ደነገጥሁ። እናት እንዲህ ትመርጣለች? ሁለቱንም እንዳይሉኝ ፈለግሁ። ክንፈን በሉኝ አልኩ። ተሳስተናል፣ ክንፈ ነው በሉኝ።

"የሻለም ናት" አለ ፈንታው። "ትናንት። መኪናው ውስጥ ነበረች። የሱቅ ዕቃ አልቆባት ነው የሄደች አሉ።"

አምስት ሞተ ካሉት አንዷ ልጄ ናት። ሁለቱን ደግሞ እኔ ጨምሬላት ነበር፣ በጧት፣ መንገድ ለመንገድ እየዞርኩ።

አልጮህኩም። ይሄን ወርቂቱ ዛሬም ታወራዋለች። "ቀብሩ መቼ ነው?" አልኩ።

"ሰባት ሰዓት።"

"አሁንስ?"

ከማሉዲን ስልኩን አየ። "ስድስት ሊሆን ነው።"

አቀስታ በሱ መኪና ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ማንም አላለኝም፤ እኔ ግን ቆጠርሁት። ሦስት ሰዓት ላይ ነው ፈንታው ታጥቦ ለብሶ "ቁጭ በይማ" ያለኝ። ያኔ ብቀመጥ ኖሮ ልጄን አገኛት ነበር። ያን ጧት የሰማሁት ቃል ሁሉ፣ "እባክዎ እትዬ"፣ "ደክሞሻል"፣ "መንገድ አለብን"፣ ሁሉም ወደ ልጄ የሚወስድ ነበር፤ እኔ ነኝ በማጭድ የመለስኩት።

የሄድነው እንዳለን ነው። ፈንታው በኩበት፣ ከማሉዲን እስከ ጉልበቱ በፍግ። እኔ በሰብሪያና በወርቂቱ መሀል። ከማሉዲን ያን መኪና እንዴት እንደነዳው! አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። ፈንታው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ መንገዱን ሙሉ ሲለምን ነበር። ስምንት ሰዓት ድረስ ጠበቁን። እስከ ስምንት ተኩልም ለመኑልን። ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። እኛ ላይም ጀመረ፣ እነሱ ላይም። ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ ነው፣ ከዚህ በላይ አይሆንም አሉ። ፈንታው ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። ማንም አልጠየቀውም። መጥረጊያው መስታወቱን ወዲያ ወዲህ ሲጠርግ ብቻ ነው የሚሰማው።

አቀስታ ልንገባ ስንል ሰዎች በመንገዱ ዳር ይመጣሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዳንዱ ጃንጥላ ይዞ። ከቀብር የሚመለሱ ናቸው። መኪናውን ሲያዩ ቆም እያሉ ያሳልፉናል። አንዳንዷ በመስታወቱ አይታኝ ፊቷን ትሸፍናለች።

መቃብሯ ጭቃ ነው። ገና አሁን የተከመረ ጭቃ። ልንከባለል ነበር የመጣሁት፣ ፊቴን ልቧጥጥ ነበር። ስደርስ ግን ያየሁት ውሃውን ነው። ከላይ ከተዳፋቱ እየወረደ የአፈሩን ጎን ይቆርሰዋል። ጎንበስ አልኩና በጣቴ ቦይ መቅደድ ጀመርኩላት። ከራስጌዋ ጀምሬ ወደ ጎን። አብዳለች አሉ። ከማሉዲን ብቻ አጠገቤ ተንበርክኮ ድንጋይ ድንጋዩን ያነሳልኝ ጀመር።

የልጄ አማት የንግሥቴ እጅ ነው ያነሳኝ። ልጄን እንደ ልጇ የያዘች ደግ ሴት ናት። አቅፋኝ ካለቀሰች በኋላ በጆሮዬ፣

"ምነው እህቴ" አለችኝ፣ "ምነው ቀራችሁ? ልጅሽን እኮ ይዘን ቆምን። ሰው ሁሉ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ።"

አፌን ከፈትሁ። ይሄ ያልተነገረ ነገር የማያውቅ አፌ ተከፈተና ምንም አልወጣውም።

"ጎማ ፈንድቶብን ነው" አለ አያ ፈንታው ከኋላዬ። ፈንታው በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም። ለዚህ ነው ዳኛ ያደረግነው። "መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብን።"

ንግሥቴ ከማሉዲንን አየችው። ከማሉዲን በመኪናው የሚምል ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም እያለ ይኩራራል። አንገቱን ደፋ።

"ሁለት ጊዜ" አለ። "ሁለት ጊዜ ፈነዳብን። የኔ ጥፋት ነው።"

ሰብሪያም ወርቂቱም "አዎ" አሉ። እኔ ዝም አልኩ። እነሱ ሲዋሹልኝ ዝም አልኩ።

ሁለት ዓመት ሆነው። አቀስታ ዛሬም የጎማው ነገር ነው የሚወራው። መካነ ሰላም ደግሞ ምስጢር የማያድርበት ከተማ ነው። የሴት ዕርግዝና ከሆዷ በፊት የሚታወቅበት። ይሄ ነገር ግን ከእነዚያ ከአራቱ አፍ አልወጣም። ወርቂቱ እንኳ! ተጣልተን እንኳ አላወጣችውም፤ ዘንድሮ በዶሮዋ ሁለቴ ተጣልተናል።

ፍቅርአዲስን አባቷ ዘንድሮ ክረምቱን እኔ ዘንድ እንድትከርም አመጣት። ስድስት ዓመቷ ነው። ሳቋ የእናቷ ነው፤ ሲያመኝ ይውላል። ባለፈው ዝናቡ አስቀርቶን በር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣

"እማማ" አለችኝ፣ "እናቴ የተቀበረች ቀን ለምን ቀረሽ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ንግሥቴ አያቴ። ጎማ ፈንድቶባት ነው አለችኝ።"

"አዎ።"

ትንሽ አሰበች። እንደ እናቷ ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች።

"ጎማውን ምን አፈነዳው? ምስማር ነው?"

ዝናቡ ይወርዳል። ሰው የለም። ካልነገርኳት ማንም እንደማይነግራት አውቃለሁ። እነሱ አራቱ ይዘውት ይሞታሉ። ወደ እኔ አስጠጋኋትና፣

"እኔ ነኝ" አልኳት። "እኔ ነኝ ያፈነዳሁት።"

ፍቅርአዲስ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝና በሳቅ ፈነዳች። "ደሞ ቀልድሽ!" አለች፣ ጉልበቴን በትንሽ እጇ እየመታች። "እማማ ደግሞ ሁልጊዜ ትቀልጃለሽ።"